የድሬዳዋ አሮጌ ፉርጎዎች ጉዳይ፦ ከጎጃም አናጢና በያጅ ይገኝ ይሆን?

የደጀን ልጅ (ባሕር ዳር)

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ? ሰሞኑን ለሥራ ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። ሥራዬ ሲያልቅ ከዚራ ሰፈር ወዳለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጎራ አልኩ። አስጎብኚው መጀመሪያ ወርክሾፑን አሳየኝ። የፈረንሳይ ቶርኖዎች (የብረት መቅረጫ ማሽኖች) እንደቆሙ ናቸው። መሣሪያው በቦታ በቦታው ነው። ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣን። ፉርጎዎቹ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። እዚያ ስደርስ ደስታዬ ጠፋ። አንዱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ውጪው ላሜራ፣ ውስጡ እንጨት የሆነ የመንገደኛ ፉርጎ ነው። ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል። የመስኮቱን የታችኛውን እንጨት በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ሰመጠ። የበሩ ማጠፊያ ግን ዛሬም ያለ ችግር ይዞራል። ማን እንደሠራው እግዜር ይወቅ፣ የተሠራው በእውነት ነው።

እንደምታውቁት ይህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው አሮጌ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909። ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። ያንን ሁሉ ዘመን ያገለገለ ዕቃ ሜዳ ላይ ሲፈርስ ማየት ያንገበግባል።

በውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያለውን ፉርጎ ከአፈር አንስተው ሐዲድ ላይ ሲያቆሙ በቪዲዮ አይቻለሁ። የኛ አገር አናጢና በያጅ ከማን ያንሳል? ፈቃድ ቢገኝ ክረምት ላይ ሄዶ የሚሠራ ቡድን ከዚህ ማሰባሰብ ይቻላል ወይ? ሐሳባችሁን ስጡኝ።


ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)

ወንድም ዓለም፣ ሐሳብህ መልካም ነው። ግን እስኪ እንነጋገር። ጎጃም ውስጥ አንድ ክንድ ሐዲድ የለም። ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር በባቡር ዕቅድ ካርታ ላይ ገብተው ነበር፤ ካርታው ካርታ ሆኖ ቀረ። የራሳችንን ባቡር ሳናይ የድሬዳዋን አሮጌ ፉርጎ ልናድስ ነው? የድሬዳዋ ሰው ምን ይሥራ?


የታሪክ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ዓባይ ማዶ፣ ጥያቄህ አግባብ ነው። ነገር ግን ያ ባቡር ከጎጃም ታሪክ የራቀ አይደለም።

የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓ ሲሄዱ ጅቡቲ የወረዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1928፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጠላት ፊት ለፊት ተነሥተው የወጡትም በእሱው ነው። ሲመለሱ ግን በየት መጡ? በጎጃም! ጥር 1933 ላይ ኦሜድላ ገቡ። ከዚያ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር መውጫው በሐዲድ፣ መግቢያው በጎጃም መንገድ እንደነበር አንድ ላይ አድርጌ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም።

ስለዚህ ፉርጎው የድሬዳዋ ብቻ አይደለም። የእኛም ነው።


ፍኖተ ሰላም ተወላጅ (እንግሊዝ አገር)

ይህን ውይይት ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ተወልጄ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። አሁን ሰሜን እንግሊዝ እኖራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የቅርስ ባቡር መስመር፣ ፉርጎ ማደሻው ውስጥ በነፃ እሠራለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በጎ ፈቃደኞች ባቡር ማስኬድ የጀመሩት ዌልስ ውስጥ ታሊሊን በሚባል ትንሽ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 መስመሩ ሊዘጋ ሲል ሰዎች ተሰባስበው ተረከቡት። በዓለም የመጀመሪያው እሱ ነው። ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያለው በጎ ፈቃደኛ ከ20 ሺህ ይበልጣል። እኛ ጋ ጡረታ የወጣ ሐኪም አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለች፣ ገና ትምህርት ቤት ያለ ልጅ አለ። ስትገባ ማንም የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅህም። መጥረጊያ ይሰጡሃል። ስትጠርግ እያዩህ ሰንብተው መሮ ያስይዙሃል።

ፉርጎው ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ የእንጨት ፉርጎዎች ድሮ ከአገልግሎት ሲወጡ ከነአካላቸው ለገበሬ ተሽጠዋል። ጎማው ይወልቅና ሣጥኑ ብቻ እርሻ ላይ ይቀመጣል። የዶሮ ቤት ይሆናል፣ የድርቆሽ መጋዘን ይሆናል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ቤተሰብ ኖሮበታል። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሰው ያየዋል። በክሬን ተጭኖ ይመጣና ከሌላ አሮጌ ፉርጎ በተገኘ ሻንሲና ጎማ ላይ ይሳፈራል። ዛሬ መንገደኛ ጭነው ከሚሄዱት ውስጥ እንዲህ ያሉ አሉ። የድሬዳዋዎቹ ጎማቸው ላይ ቆመው ካሉ ገና ከመነሻው ዕድለኞች ናችሁ።

የደጀን ልጅ በጣቱ ስለጫናት እንጨት ጥቂት ልበል። የበሽታው መነሻ ሁሌ እዚያው ነው። የድሮ ፉርጎ መስኮት ወደ ታች ይወርዳል። የሚወርድበት ኪስ አለው፣ በሩ ውስጥ። ዝናብ በመስተዋቱ ላይ ተንቆርቁሮ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ውኃ መውጫ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በአቧራና በቅጠል ሲደፈን ውኃው እዚያው ይተኛል። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ላዩ ግን ቀለም ስለሆነ ከውጭ ደህና ይመስላል። እኛ በመሮ ጫፍ ነው የምንፈትነው። ጤነኛ እንጨት መሮውን ይመልሰዋል። የበሰበሰው ይውጠዋል።

ከበሰበሰ ምን ይደረጋል? ሙሉውን አውጥቶ አዲስ መግጠም ይቀላል። አናደርገውም። የበሰበሰውን ብቻ በሰያፍ እንቆርጣለን። ከዚያ በተመሳሳይ ዓይነት እንጨት፣ የደም ሥሩ ከአሮጌው ጋር አቅጣጫው እንዲገጥም አድርገን እንቀጥላለን። ሰያፉ ረዘም ሲል ኮላው የሚይዝበት ቦታ ይሰፋል። አንድ የበር ማዕዘን ብዙ ቅዳሜዎችን ይበላል። ግን ሲያልቅ ከፉርጎው አብዛኛው ያው የጥንቱ እንጨት ሆኖ ይቀራል። ቅርስ የሚያሰኘው ይህ ነው።

ስለ ቀለም ደግሞ እባካችሁ ስሙኝ። ማንም ሰው ፍቆ እንዳይጀምር! አሁን የያዝነው ፉርጎ ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ፣ በውኃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀስ ብለን ወደ ውስጥ ወረድን። ከነጩ ሥር ቡናማ መጣ። ከቡናማው ሥር ቀይ ዳማ። ከዚያ ሥር የወርቅ ቀለም ጠርዝ ብቅ አለ። ስንከተለው ቁጥር ሆነ። በቁጥሩ አሮጌ መዝገብ ፈልገን የት ፋብሪካና መቼ እንደተሠራ አወቅን። በማሽን ፍቀነው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አቧራ ሆኖ ይቀር ነበር።

አቧራውም ራሱ አደገኛ ነው። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ፤ ማዕድኑ ማለቴ ነው። በደረቁ ከተፋቀ ሳንባ ይገባል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሙቀትና ድምፅ እንዲከላከል በግድግዳቸው ውስጥ አስቤስቶስ የተሞላባቸው ፉርጎዎች ብዙ ናቸው። ግራጫ ወይም ሰማያዊ መሰል የሚቦን ነገር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። እሱን የሚነካው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ምክሬ፣ በመንገደኛ ፉርጎ አትጀምሩ። ዓመታት ይፈጃል፣ ሰው ይሰለቻል፣ ገንዘቡም አይቻልም። በጭነት ፉርጎ ጀምሩ። ሻንሲ፣ አራት ጎማ፣ ጣውላ። ስትጨርሱት ሰው ያያል፣ ያኔ የሚያግዝም ይመጣል።


አናጢው (ዳንግላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የፍኖተ ሰላሙ። እንዲህ የሚሠራ ሰው አገር ቤት ቢኖር ደሞዝ ሳይከፈለኝ አብሬው እውል ነበር።

እኔ ከአባቴ የተማርኩት አናጢነት ነው። በር፣ መስኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ። እንጨቱን በተመለከተ የምለው አለኝ። ሰው ሁሉ ዋንዛ ዋንዛ ይላል። ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ለመሮ ይመቻል፣ አይጣመምም። ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። ለቅርስ ብለን ደን መጨፍጨፍ ደግሞ ነውር ነው። ሌላ መንገድ አለ። ከተማ ውስጥ አሮጌ ቤት በፈረሰ ቁጥር ምሰሶው፣ ሳንቃው፣ የበሩ መቃን ለማገዶ ይሸጣል። አብዛኛው የጥንት ዋንዛና ጽድ ነው። ደርቆ ያለቀ፣ ከእንግዲህ የማይንቀሳቀስ እንጨት። እኔ ካገኘሁ አላሳልፍም፣ እገዛለሁ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ የተሻለ የለም።

ሌላው ነገር አየሩ ነው። እኛ ጋ ክረምት ላይ ያለ እንጨት ውኃ አለበት። ቆርጠህ፣ ለክተህ፣ አስማምተህ ድሬዳዋ ብትወስደው በዚያ ሙቀት ይሰበሰባል። መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ ጣውላው ቀድሞ ይሂድ። እዚያው ጥላ ሥር፣ በመሐሉ ታኮ እየገባ ተደርድሮ ይክረም። አገሩን ይልመድ። ከዚያ በኋላ ነው ልኬቱ። ድሬዳዋ ደግሞ ምስጥ አለ፤ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት።

ስቱኮ ጠቅጥቆ ቀለም የሚቀባ ሰው ከመጣ ግን እኔ የለሁበትም። አሁን አሁን እድሳት ሲባል ስቱኮና ቀለም ሆኗል። አንድ የማውቀው አሮጌ ሕንፃ እንዲሁ ተደርጎ በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ ከነእንጨቱ ወደቀ። ለብልሽት በቀለም ሽፋን መስጠት ነው።


የሞጣ ልጅ

እኔ የምለው ቅር አይበላችሁ። ሰባራ ድልድይ አጠገባችን ነው። የጥንት ሰው በድንጋይና በኖራ ዓባይን ያሻገረበት። በጣሊያን ጊዜ መሐል ቅስቱ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የጎጃምና የጎንደር ሰው በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ስንት ዘመን አለፈ። በኋላ የሰው መሸጋገሪያ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። የድንጋዩ ግን ዛሬም ዝናብ ይመታዋል፣ ኖራው ይታጠባል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም አለ፣ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን። በጎ ፈቃደኛ ከተገኘ እዚህ ይጀምር። የሩቅ ዘመድ ከመጠየቅ በፊት የጎረቤት በሽተኛ ይጠየቃል።


የታሪክ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

የሞጣ ልጅ፣ ልክ ነህ፣ ስለ ድልድዮቹ አንተ የምትለውን እኔም እላለሁ። ነገር ግን ሥራው አንድ አይደለም። ሰባራ ድልድይ የድንጋይና የኖራ ሊቅ ይፈልጋል። ገደል ላይ ነው፣ ያልሠለጠነ ሰው ወጥቶ የሚነካካው አይደለም። ፉርጎው የእንጨትና የብረት ሥራ ነው፣ መሬት ላይ የቆመ ነው፣ ጀማሪ ሊማርበት ይችላል። ልጆቻችን መለካትን፣ ፎቶ ማንሣትን፣ መዝገብ መያዝን፣ የጥንቱን ሳያጠፉ መጠገንን አንድ ቦታ ይማሩ። የተማሩትን ይዘው ድልድዩ ጋ ይመጣሉ። ያን ጊዜ አንተ ከፊት ትመራናለህ።


ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)

መምህር፣ የራስ ኃይሉን ነገር አላውቅም ነበር። ሐሳቤን አለዝቤአለሁ። ግን የምጠይቀው አለኝ። ታድሶ የት ይሄዳል? አዲሱ ባቡር በመስከረም 2009 ተመርቋል። አሮጌው መስመር አብዛኛው ቆሟል። ለቆመ መስመር ፉርጎ ማደስ ምን ይባላል? በአዲሱ ላይ አይቀጠልም ወይ?


የፖሊ ተማሪ (ባሕር ዳር)

ይህን እኔ ልመልስ፣ ትምህርቴ ነው። በአዲሱ ላይ አይሄድም። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ ከሐዲድ እስከ ሐዲድ። የአዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ጎማው በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ይወድቃል። አዲሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከባድና ፈጣን ባቡር የሚሄድበት ነው፤ አሮጌ ፉርጎ እዚያ መቀጠል ለደኅንነትም አይሆንም።

ነገር ግን ረጅም መስመር አያስፈልግም። ከላይ የተጠቀሰው ታሊሊን እንኳ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዓለም ላይ ከዚያ በጣም ያጠሩ አሉ። ድሬዳዋ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሐዲዱ አለ። ከወርክሾፕ እስከ ጣቢያው መድረክ በቀስታ የሚንቀሳቀስ አንድ ፉርጎ እንኳ ቢኖር ለትምህርት ቤት ልጆች ስንት ነገር ነው። ባይንቀሳቀስም ውስጡ ገብቶ የሚቀመጡበት፣ በሩ የሚከፈት፣ መስኮቱ የሚወርድ ይሁን።

እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ጎማውና ኩሽኔታው እንዴት ይፈተሻል? እንጨቱን አናጢው ነገረን። ከሥር ያለውን ማን ያውቃል? መጽሐፍ ላይ ያለውና እጅ የሚያውቀው አንድ አይደለም።


ጡረተኛው (ቢቸና)

ልጄ፣ እኔ አውቃለሁ።

በወጣትነቴ ከቢቸና ወጥቼ ድሬዳዋ ገባሁ፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። ይህን ውይይት የልጄ ልጅ አንብቦልኝ ነው የምጽፈው፤ እሱ ይተይባል፣ እኔ እናገራለሁ። የጎጃም ልጅ እዚያ ብዙ አልነበረም። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ፣ አማራ፣ ግሪክ፣ አርመን ሁሉም አለ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። የመሣሪያ ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚጠራው፤ እስከዛሬ መፍቻ ስፈልግ አፌ ላይ የሚመጣልኝ ያ ነው።

ከሥር ያለውን ልንገርሽ። የድሮው ፉርጎ በየአክስሉ ጫፍ አንድ የብረት ሣጥን አለው። ሣጥኑ ውስጥ ኩሽኔታው ከላይ ይቀመጣል። ኳስ የለውም፤ ውስጡ ነጭ ብረት የተለበጠ ነው፣ ለስላሳ ነው። ከሥሩ ዘይት የጠጣ የሱፍ ጥቅል አለ። አክስሉ ሲዞር ከሱፉ ዘይት እየላሰ ይወጣል። ዘይት ካነሰ ወይም አሸዋ ከገባ ይሞቃል። ነጩ ብረት ይቀልጣል። ከዚያ አክስሉ ራሱ ይበላል፣ ሊቆረጥም ይችላል። በዚያ በረሃ አሸዋ መቼ ይጠፋል? ባቡሩ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር እየዞርን ሣጥኑን በእጃችን ጀርባ እንዳስሰው ነበር። በመዳፍ አይነካም፤ የጋለ ከሆነ መዳፍ ይላጥና ሥራ ትፈቺያለሽ። አፍንጫም ይሠራል። የሚቃጠል ሱፍ ሽታ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም።

ጎማውን በመዶሻ ነው። ጫፉን መታ ታደርጊዋለሽ። ጤነኛው ድምፁ ጥርት ብሎ ይቆያል። የተሰነጠቀው ይታፈናል። ይህን በወረቀት ማስተማር አይቻልም። ጎን ለጎን ቆመን፣ እኔ መትቼ፣ አንቺ ሰምተሽ፣ አንቺ መትተሽ፣ እኔ ሰምቼ ነው።

የቆመ ፉርጎ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ኩሽኔታው ከአክስሉ ጋር ይጣበቃል። ዘይቱ ይደርቃል፣ ውኃ ይገባል፣ ይዝጋል። ተስቦ ቢንቀሳቀስ ይፈጨዋል። ስለዚህ ከመነካቱ በፊት በክሪክ ከፍ ተደርጎ ሣጥኑ ይከፈታል፣ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ አዲስ ሱፍና ዘይት ይገባል። ይህ ሳይሆን ማንም እንዳይገፋው።

ከእኔ ጋር ከሠሩት ብዙዎቹ አርፈዋል። ያሉትም አርጅተዋል። ጤና ከሰጠኝ እሄዳለሁ። መሥራት አልችልም፣ ወንበር ከሰጣችሁኝ ግን ተቀምጬ እናገራለሁ።


የደጀን ልጅ (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን! ወንበሩ በእኛ ነው። ቢቸና ድረስ መጥተን እንወስድዎታለን። ከመሄዳችን በፊት ግን ፈቃድዎ ከሆነ ቤትዎ መጥተን የሚነግሩንን ሁሉ በድምፅ እንቅዳ።


አስመራ ያደግሁት (ባሕር ዳር)

አስተያየት አልሰጥም ብዬ ነበር፣ ጋሼ ሲናገሩ ግን ዝም ማለት ከበደኝ። ልጅነቴን ያሳለፍኩት አስመራ ነው። የኤርትራ ባቡር አስመራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በጦርነቱ ጊዜ መስመሩ ተበጣጥሶ ሐዲዱና የብረት ተጋዳሚው ለምሽግ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ መልሰው ሠሩት። ማን ሠራው መሰላችሁ? ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች! የ70 እና የ80 ዓመት ሽማግሌዎች ከየቤታቸው ተጠርተው መጡ። ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩትን የጣሊያን የእንፋሎት ባቡሮችና ሊቶሪናዎች (በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ የመንገደኛ ፉርጎዎች) እንደገና አስነሡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከምጽዋ እስከ አስመራ 118 ኪሎ ሜትሩ ተጠናቀቀ። ቁልፉ ሰዎቹ በሕይወት መኖራቸው ነበር። 20 ዓመት ዘግይተው ቢሆን ማንም አይገኝም ነበር። ስለዚህ ከፉርጎው በፊት ወደ ጋሼ ሂዱ።


በያጁ (ቡሬ)

እኔ የብረቱን ወገን ልያዝ። የድሮ ሻንሲ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ የብረት ችንካር) የተያያዘ ነው፣ ብየዳ የለውም። ዛሬ ማንም ሰው ቶሎ ብሎ ኤሌክትሮድ ያነሣል። የድሮ ብረት ላይ ያለ ጥናት መበየድ ግን ጎኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። ዝገቱ ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት መሐል ይገባና ያብጣል፣ ሪቬቱን ገፍቶ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የተቆረጠውን ሪቬት አውጥቶ፣ መሐሉን አጽድቶ፣ አንቲረስት ቀብቶ፣ እንደገና ሪቬት መምታት ነው ትክክሉ። የጋለ ሪቬት የመታ ሰው እዚህ አላውቅም። የድሬዳዋው ወርክሾፕ መሣሪያው ካለ ግን ለመማር ዝግጁ ነኝ። ለጊዜው በብሎን አስይዘን እንቆያለን፤ ብሎን ነገ ይፈታል፣ ብየዳ ግን አይመለስም።

እግረ መንገዴን፣ እዛ ያለው ቁራጭ ብረት ለቁርጥራጭ ነጋዴ እንዳይሄድ አንድ ሰው ይጠይቅ። አንድ ክዳን ከጠፋ ተመሳሳዩን የት ታገኛለህ?


ለምለም (ደብረ ማርቆስ)

ሴቶችም ቦታ አለን ወይ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የወንበር ልብስ፣ የመጋረጃ ሥራ እችላለሁ። ሸራውንም ከሰጣችሁኝ እወጥራለሁ። እንግሊዝ አገር ያለኸው ወንድሜ፣ ጣሪያው ላይ ሸራ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?


ፍኖተ ሰላም ተወላጅ (እንግሊዝ አገር)

እህቴ፣ ቦታ ብቻ አይደለም፣ እጥረት ያለው እዚያ ነው። እኛ ጋ አናጢ ይገኛል፣ ወንበር ሰፊ ግን በመብራት ነው የሚፈለገው። አዎ፣ የእንጨት ፉርጎ ጣሪያ ጣውላ ነው። ጣውላው ላይ ወፍራም ቀለም ይፈስሳል፣ ሳይደርቅ ሸራ ይወጠርበታል፣ ከላይ እንደገና ይቀባል። ሸራው ያለ ስፌት አንድ ወጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ ስፌቱ ውኃ የማያስገባ መሆን አለበት። የወንበሩን አሮጌ ልብስ ደግሞ ቶሎ ቀደሽ እንዳትጥይው። ከሥሩ የመጀመሪያው ጨርቅ ቅዳጅ በምስማር ተይዞ ሊገኝ ይችላል። ቀለሙና ጥለቱ ከዚያ ነው የሚታወቀው።

በያጁ፣ ስለ ሪቬቱ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው።


ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)

እንግዲህ ነገሩ ደቦ እየሆነ ነው። ገብቻለሁ። መኪና አለኝ፣ ጋሼን ከቢቸና እኔ አመጣለሁ። አንድ ሐሳብ ልጨምር፣ ሲታደስ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብተን የሰንደቅ ዓላማ ፉርጎ ብናደርገው? ለዓይን ያምራል፣ ወጣቱም ይወደዋል።


አናጢው (ዳንግላ)

ወንድሜ፣ ልብህን አውቃለሁ። ግን አይሆንም። ከሥሩ የተገኘው ቀለም ነው የሚመለሰው። የጥንት ሥዕል ላይ ደማቅ ቀለም የደረበ ሰው ዘጌ ብትሄድ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። የምናድሰው እኛ እንድናምርበት አይደለም።


ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)

ተቀብያለሁ።


የደጀን ልጅ (ባሕር ዳር)

እንግዲህ ወደ ሥራ እንግባ። እስካሁን ከተባለው የያዝኩት ይህ ነው።

ንብረቱ የእኛ አይደለም። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ነበር። ያለ ፈቃድ አንድ ብሎን አይነካም። ደብዳቤውን መምህር ያርቅቁልን፣ እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ደብዳቤው ላይ የምንጠይቀው እድሳት አይደለም። ለጊዜው የምንጠይቀው መለካትና ፎቶ ማንሣት ብቻ ነው። ይህን የሚከለክል ያለ አይመስለኝም። አንድ የጭነት ፉርጎ እንመርጣለን። የድሬዳዋ አናጢዎችንና የቀድሞ ሠራተኞችን ከመጀመሪያው ቀን እንይዛለን፤ ቤቱ የነሱ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን። መንገዱ ሲመች ነው የምንነሣው፣ ማንም አይቸኩል።

የሞጣ ልጅ፣ አንተንም እፈልግሃለሁ። ለፉርጎው የምናዘጋጀውን የልኬት ቅጽ ለሰባራ ድልድይም በሚሆን መንገድ አብረን እናርቅቀው።


የሞጣ ልጅ

እንዲህ ከሆነ አለሁ። ቅጹን ላክልኝ።


የፖሊ ተማሪ (ባሕር ዳር)

እኔና ጓደኞቼ ስዕሉን በኮምፒዩተር እንሠራለን። ሜትር፣ ካሊፐርና ካሜራ አለን። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እዚያ እንደደረስን ከሁሉ አስቀድመን የቱን እንለካ?


ጡረተኛው (ቢቸና)

ልኬት ይቆይ ልጄ። መጀመሪያ በእጅ ባትሪ ሥሩ ግቢ። የአክስል ሣጥኑ ክዳን ላይ ብረቱ ሲፈስስ አብሮ የወጣ ጽሑፍ አለ፤ የሠሪው ስም ወይም የኩባንያው ፊደል፣ አንዳንዱ ላይ ዓመቱም ይኖራል። በግራሶ ስለሚሸፈን አይታይም። በጨርቅና በነጭ ጋዝ ጥረጊው፣ በብረት ብሩሽ አይደለም፣ ፊደሉን ይበላዋል። አራቱንም ሣጥን እዪ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሆኑም፣ እኛ ራሳችን ከሌላ ፉርጎ እያወጣን እንቀያይር ነበር። የተለያዩ ከሆኑ የቱ ከየት እንደመጣ ለመለየት ፎቶውን አሳዪኝ።